ማየት ግዴታ ይሁን
የብስክሌተኞችና የእግረኞች ማኒፌስቶ

ከገልባጭ መኪና ጎማ ሥር ብስክሌት በተገኘ ቁጥር ሹፌሩ ለትራፊክ ፖሊስ የሚሰጠው ቃል ተመሳሳይ ነው፦ «አላየሁትም»። እኛ እናምነዋለን። በቀኝ በኩል፣ ከጋቢናው በር ሥር፣ ስፖኪዮው በማይደርስበት ቦታ አንድ ሰው ፔዳል እየመታ ነበር፤ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ ሊያየው አይችልም ነበር። መኪናው ሲሠራ እንደዚያ ተሠርቷል። እንደዚያው ተሸጠ፤ እንደዚያው ወደብ ገባ፤ እንደዚያው ሰሌዳ ተሰጠው፤ በየዓመቱም እንደዚያው ቦሎ ተለጠፈለት። በዚህ ሁሉ ፊርማና ማኅተም መካከል «ይህ መኪና አጠገቡ ያለውን ሰው ያያል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ማንም አልነበረም።

እኛ ይህ ጥያቄ ሕግ እንዲሆን ተነሥተናል።

ከመካከላችን በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብስክሌት ሥራ የሚያደርሳቸው፣ በአዲስ አበባ አዲሱን የብስክሌት መስመር ደፍረው የጀመሩ፣ ልጆቻቸውን በእግር ትምህርት ቤት የሚልኩ አሉ። ገልባጭና አውቶቡስ ነድተው እንጀራ የሚበሉም አሉ። ሹፌሩ ባላጋራችን አይደለም። ሳያይ ሰው የገደለ ሹፌር ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋው የሚያውቁ ሰዎች አብረውን ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ማኒፌስቶ ውስጥ ብዙውን ነገር የነገሩን እነርሱ ናቸው። መንገድ ላይ ሰዉ ለእነዚያ ከባድ መኪናዎች «ቀይ ሽብር»፣ «አልቃይዳ» እያለ ስም አውጥቶላቸዋል። ስሙ የሕዝብ ፍርድ ነው፤ ሆኖም ፍርዱ እስከ ዛሬ ያረፈው ሹፌሩ ላይ ብቻ ነው፤ መኪናውን እንዲያ አድርጎ የሠራው፣ ያስገባውና የፈቀደው አካል ዘንድ አልደረሰም።

ለቅሶ ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ይህን ማጽናኛ ከሐዘንተኛ አንነጥቅም። ግን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ጉምሩክ ውስጥ፣ የጨረታ ሰነድ በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ይህ ቃል ቦታ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ ላይ እንደሚሞት ገምቷል። ከሟቾቹ 23 በመቶው እግረኞች፣ 6 በመቶው ብስክሌተኞች፣ 21 በመቶው ሞተር ብስክሌትና ባለ ሦስት እግር ተሳፋሪዎች ናቸው። ግማሹ ማለት ነው፤ ግማሹ በዙሪያው ብረት ያልነበረው ሰው ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በዓለም ላይ ከማንኛውም በሽታ በላይ የሚገድላቸው መንገድ ነው። የሟቾቹን ስብጥር መኪና የሚሠሩትም ሕግ የሚያወጡትም ያውቁታል፤ ያወቁትን ነገር የቀን ጉዳይ ነው ብለው ሊተዉት አይችሉም።

አደጋው እንዴት እንደሚፈጠር ደግሞ ደረጃ በደረጃ ይታወቃል። ገልባጩን መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞታል። ብስክሌተኛዋ በቀኝ ጠርዝ፣ ለእርሷ በተቀባላት መስመር መጥታ ከጋቢናው አጠገብ ትቆማለች። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እርሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ገልባጩ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊት ጎማው በረገጠበት አይሄድም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። ስለዚህ ጋቢናው ሳይነካት ቢያልፍ እንኳን የመኪናው ወገብ ይደርስባታል። ወድቃ ከሆነ ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ይጠብቃታል። የሹፌሩ ዓይን ከመሬት ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ ብሏል፤ ከፊት የሚያቋርጡ እግረኞች አሉ፣ በግራ የሚሽቀዳደም ሚኒባስ አለ፣ ስፖኪዮዎቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚያይ ሰው ደግሞ አልተፈጠረም። የሰው ዓይን ማድረግ የማይችለውን ነገር ከሰው ዓይን መጠየቅ ሕግ ሊባል አይገባም።

ይህን ክፍተት የሚዘጋ መሣሪያ ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ደንብ ወጥቶለት ካበቃ ቆይቷል። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ጄኔቫ ላይ የሚሰበሰበው የተሽከርካሪ ደንቦች የዓለም መድረክ ቁጥር 151 በሚል ያወጣው ደንብ፣ ከጭነት መኪና ጎን ያለውን ብስክሌተኛ በራዳር ወይም በካሜራ አግኝቶ ሹፌሩን የሚያስጠነቅቅ ሥርዓትን ይመለከታል። ቁጥር 159 መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ከፊቱ ያለውን ሰው የሚጠቁም ነው፤ ጋቢናው ከፍ ያለ መኪና አፍንጫው ሥር የቆመ ልጅ አይታየውምና። ቁጥር 158 ወደ ኋላ ሲሄድ ያለውን ይሸፍናል። ቁጥር 167 ደግሞ ኤሌክትሮኒክስን ትቶ ወደ መሠረቱ ይመለሳል፦ ሹፌሩ በገዛ ዓይኑ፣ በጋቢናው መስኮት በኩል፣ ምን ያህል መሬት ማየት እንዳለበት ይደነግጋል። ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። መስታወቱ ዝቅ ያለ ጋቢና አይበላሽም፣ ባትሪ አይጨርስም፣ ሶፍትዌር አይጠይቅም፤ ሹፌርና ብስክሌተኛም ዓይን ለዓይን ይተያያሉ።

የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን መሣሪያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ቁጥር 2019/2144 ግዴታ አደረጋቸው። ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ለሚነደፉ ሞዴሎች፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደግሞ ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የፍጥነት ገደብን የሚያስታውስ ሥርዓት፣ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስም የብስክሌተኛ መጠቆሚያው ግድ ሆነ። እግረኛንና ብስክሌተኛን አይቶ በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ለአዲስ ሞዴል የቤት መኪናዎች በሐምሌ 2024 ግዴታ ሆኗል፤ ሁሉንም አዲስ መኪና የሚይዘው ከሐምሌ 2026 ነው። ሹፌሩ በዓይኑ የሚያየውን መጠን የሚወስነው ክፍል ብዙ ጊዜ ተሰጠው፤ ጋቢናን እንደገና መንደፍ ስለሚጠይቅ ለአዲስ ሞዴሎች 2026፣ ለሁሉም 2029 ተባለ።

የዚህ ሕግ ዋናው ኃይል አንድ ነገር ላይ ነው። ገዢውን አያማክርም። የሰው ሕይወት የሚያድን ፍሬን ከቆዳ መቀመጫና ከሙዚቃ ማጫወቻ ጋር እንደ ተጨማሪ ዕቃ ተዘርዝሮ፣ ገንዘብ ያለው የሚመርጠው፣ የሌለው የሚተወው መሆኑ አበቃ። ለዚህ ልዩ ምክንያት አለ። የመቀመጫ ቀበቶ የሚያድነው ቀበቶውን የገዛውን ሰው ነው። ብስክሌተኛን የሚያይ ራዳር ግን የሚያድነው ሌላ ሰው ነው፤ በጨረታው ያልነበረ፣ በዋጋው ላይ ያልተከራከረ፣ መኪናው መንገድ ላይ እስኪወጣ ድረስ መኖሩ ያልታወቀ ሰው። ሌላውን የሚያድን ዕቃ በገበያ ብቻ አይስፋፋም። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የቀበቶውን ታሪክ ግን እንውሰደው፣ ተስፋ አለበትና። ኒልስ ቦህሊን የተባለው የቮልቮ መሐንዲስ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶውን በ1959 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ዕቃው ነበረ፤ ሰዎች ግን መሞታቸውን ቀጠሉ። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ቀበቶ ማሰርን በዓለም ቀዳሚ ሆና ግዴታ ያደረገችው በ1970 ነው። በአሥራ አንዱ ዓመት ውስጥ መሐንዲሱ የሚጨምረው ነገር አልነበረውም፤ የቀረው የሕግ አውጪው ሥራ ነበር። ዛሬ በአገራችን የብስክሌተኛ መጠቆሚያው የቆመው እዚያው፣ በዕቃውና በሕጉ መካከል ላይ ነው።

ለንደን ደግሞ አገሯን እንኳን አልጠበቀችም። ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከባድ መኪናዎች በከተማዋ ከሚነዳው ርቀት 4 በመቶውን ብቻ ሸፍነው፣ ብስክሌተኛ ከሞተባቸው ግጭቶች በ63 በመቶው ውስጥ ነበሩ። ከተማዋ ለጭነት መኪና ጋቢናዎች ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ደረጃ አወጣች፤ መለኪያውም ሹፌሩ በቀጥታ በዓይኑ ምን ያህል ያያል የሚለው ነው። ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ከ12 ቶን በላይ የሆነ መኪና ያለ ፈቃድ ለንደን አይገባም። መጀመሪያ አንድ ኮከብ ይበቃ ነበር፤ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ሦስት ኮከብ ያልደረሰ መኪና ሴንሰርና ካሜራ ጨምሮ መሟላት አለበት። መመዘኛው በየጊዜው ከፍ እንደሚል አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ባለ መኪናዎቹም አምራቹን «ሦስት ኮከብ ያለው አምጣልኝ» ማለት ጀመሩ። አንድ ከተማ በሯ ላይ በቆመችበት ጊዜ ፋብሪካው ጋቢናውን ይለውጣል።

ብስክሌት የሆላንድ ሰው ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው የሚሉን አሉ። አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ መንገዶች ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። በዓመቱ ልጁን በመኪና ያጣው ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ «የልጆችን ግድያ አቁሙ» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አወጣ፤ እናቶችና አባቶች በዚያ ርዕስ ሥር ተሰባሰቡ፣ መንገድ ዘጉ፣ ፓርላማ ደጅ ቆሙ። ዛሬ የምናየው የሆላንድ መንገድ ከእነዚያ ወላጆች የመጣ ነው። ሐዘናቸውን ወደ ደንብ ለወጡት። እኛም ከዚህ የተለየ መንገድ አናውቅም።

አሜሪካ እዚህ ላይ ወደ ኋላ ቀርታለች፣ ነገሩም ይመለከተናል፤ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ፣ በብስክሌት ዕቃ የሚያደርሱ፣ ልጆቻቸውን በየሠፈሩ መንገድ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ከመስከረም 2029 ጀምሮ አዲስ ቀላል ተሽከርካሪ ሁሉ መኪናንና እግረኛን አይቶ በራሱ ፍሬን እንዲይዝ አዟል። እግረኛውን በቀንም በሌሊትም። ብስክሌተኛውን ግን አይጠቅሰውም። በዚያች አገር በ2022 ብቻ ከ1,100 በላይ ብስክሌተኞች ሞተዋል። ሥርዓቱን መኪናው ውስጥ ካስገቡት በኋላ ብስክሌት እንዲለይ ማስገደድ ትንሽ እርምጃ ነበረች፤ ሕጉ እርሷ ላይ ሲደርስ ቆመ። በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ለምርጫ ክልላቸው ተወካዮች ይህን አንድ ጥያቄ እንዲያነሡ እንጠይቃለን። እነርሱ ድምፅ አላቸው።

መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስተምር ሌላ ነገር እዚያው አሜሪካ ሆኗል። መጋቢት 18 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ማታ፣ አሪዞና ውስጥ ቴምፒ በምትባል ከተማ፣ ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። የመኪናው ሴንሰሮች ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይተዋታል። ሶፍትዌሩ ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ምን እንደሆነች መወሰን አቃተው። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የአደጋ ጊዜ ፍሬን ደግሞ ከሙከራው ሥርዓት ጋር እንዳይጋጭ ተዘግቶ ነበር። አየ፤ አልቆመም። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ራዳር ይገጠም በማለት አያበቃም። ምን ማየት እንዳለበት፣ ካየ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ማን ሊዘጋው እንደማይችል የተጻፈ ሕግ እንፈልጋለን።

ማንን እንደሚያይም ይጻፍ። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከቻይና ባልደረቦቻቸው ጋር ስምንት የእግረኛ መለያ ሶፍትዌሮችን ፈትሸው በ2023 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። ሥርዓቶቹ አዋቂን ከልጅ ይልቅ 20 በመቶ ያህል፣ ቆዳው ነጣ ያለን ሰው ቆዳው ከጠቆረ ሰው ይልቅ 7.5 በመቶ ያህል በተሻለ ያገኛሉ። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የሚደግፉት የመንገድ ደኅንነት ተቋም ደግሞ እግረኛን የሚያዩ ፍሬኖች በጠቅላላው ግጭትን በ27 በመቶ ቢቀንሱም በጨለማ ልዩነት አለማምጣታቸውን አግኝቷል። ይህን ከእኛ ሁኔታ ጋር አስተያዩት። መብራት የሌለው መንገድ፣ ጥቁር ቆዳ፣ ልጅ። ማለዳ ነጠላ ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም እናት ለሶፍትዌሩ የሰው ቅርጽ አላት? ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ጓደኛውን ያስቀመጠ የባሕር ዳር ተማሪ፣ ግራና ቀኝ ጀሪካን ያንጠለጠለ ውኃ ቀጂ፣ ሣር የጫነ ብስክሌትስ? በደንቡ የታዘዘው የመኪና ፈተና የሚካሄደው ቀጥ ብሎ በተቀመጠ፣ ብቻውን በሚነዳ የአውሮፓ አሻንጉሊት ላይ ነው። እኛ የምንፈልገው ሕግ ፈተናው በእኛ ሰው መልክ፣ በእኛ ልብስ፣ በእኛ ጨለማና በክረምቱ ዝናብ እንዲካሄድ የሚያዝዝ ነው። ይህን የአፍሪካ አገሮች ባንድ ድምፅ ካልጠየቁት ማንም አይጠይቅልንም።

አሁን ወደ አገራችን በር።

ኢትዮጵያ ትልቅ የመኪና ፋብሪካ የላትም፤ ስለዚህ አቅም የለንም ይባላል። እኛ ተቃራኒውን እናምናለን። መኪናችን በሙሉ ማለት ይቻላል ከውጭ፣ በታወቁ ጥቂት በሮች ይገባል፤ በጅቡቲ በኩል አድርጎ በሞጆ ደረቅ ወደብና በጉምሩክ ጣቢያዎች ያልፋል። እዚህ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሠራውም ክፍሉ የሚመጣው በዚያው በር ነው። በር ያለው አገር ሕግ ማስከበር ይችላል። ደግሞም መንግሥት በሩን እንዴት እንደሚጠቀምበት ሁለት ጊዜ አሳይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ገበያውን ለወጠው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዓለም ቀዳሚ የሆነ ውሳኔ ነው፤ በአንድ ውሳኔ የአገር መኪና ምን ዓይነት ሞተር እንደሚኖረው ተወሰነ። ሞተሩን መወሰን የቻለ አገር ዓይኑንም መወሰን ይችላል።

አጋጣሚውም የሚደገም አይደለም። ከእንግዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኞቹ አዲስና ካሜራና ራዳር ሊገጠምባቸው የሚችሉ ናቸው። ዛሬ ያለ መጠቆሚያ የገባ መኪና ግን አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት መንገዳችን ላይ ይቆያል፤ እኛ መኪና ቶሎ አንጥልም። ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ነው፣ በዝግታ ሲሄድም ድምፅ የለውም። ብስክሌተኛ ከኋላው የሚመጣውን የሚያውቀው በጆሮው ነው። አውሮፓ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በዝቅተኛ ፍጥነት ድምፅ እንዲያሰማ አስገድዳለች። እኛ ሞተሩን ወስደን ድምፁን ረሳነው፤ ገና ሳይበዙ ይታሰብበት።

አምራቾች በገበያው ልክ እንደሚሠሩልን አንርሳ። ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የፍተሻ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የሚሸጥ አንድ ፒክአፕ ፈትሾ ለአዋቂ ተሳፋሪ ዜሮ ኮከብ ሰጥቶታል። ያው አምራች አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና አይሸጥም፤ ሕግ አለና። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደዘገበው ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት በዓለም 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ከአገር ወደ አገር ተልከዋል፤ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው አፍሪካ ናት። ሕጉ የሚቆመው በላኪው ድንበር ከሆነ ሕግ ያላሟላው ሁሉ ወደ እኛ ይፈስሳል። ለእኛ ተብሎ የሚሠራ ርካሽ ሞት አንቀበልም።

ብስክሌተኛን የሚያድን ቴክኖሎጂ ሁሉ ውድ ነው የሚል ካለ ወደ ብረት ሠሪው ይሂድ። በጭነት መኪና ፊትና ኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋ የጎን መከላከያ ብረት ነው፤ ሁለት ሦስት አግድም ዘንግ። ሽቦ የለው፣ ካሜራ የለው። ሰው ሲወድቅ ጎማ ሥር እንዳይገባ ወደ ውጭ ይገፋዋል። የአሜሪካው ቮልፔ የትራንስፖርት ማዕከል እንደሚጠቅሰው በብሪታንያ ይህ መከላከያ ግዴታ ከሆነ በኋላ ከጭነት መኪና ጎን ጋር ተጋጭተው የሚሞቱ ብስክሌተኞች በ61 በመቶ ቀንሰዋል። ቦስተን በ2014 እ.ኤ.አ. ከከተማው ጋር ውል ያለው ጭነት መኪና ሁሉ እንዲገጥም አዘዘች፤ ኒው ዮርክ በዓመቱ ተከተለች። ይህን ብረት መርካቶና ቃሊቲ ያሉ ብየዳ ቤቶች ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊሠሩት ይችላሉ። ደረጃው ይጻፍ፤ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ስንት ኪሎ ግፊት እንደሚችል ይወሰን፤ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ይታይ። ለአሮጌዎቹ ገልባጮችና ተሳቢዎች ከዚህ የቀረበ መድኃኒት የለም። የምርመራና የምዝገባ አዋጅ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ መርማሪውም ጣቢያውም አለ። የጎደለው በቅጹ ላይ አንድ መስመር ነው።

«መጀመሪያ መንገዱ ይሠራ» ለሚሉን ወገኖች መልሳችን አጭር ነው፦ ሁለቱም። አዲስ አበባ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ስትራቴጂ አላት፤ በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል፤ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ወዲህ «መንገድ ለሰው» በሚል መንገድ ተዘግቶ ልጆች ሲቦርቁበት አይተናል። በዚህ ደስ ይለናል። ነገር ግን የተለየው መስመር መስቀለኛ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ገልባጩ የሚታጠፈውም እዚያው ነው። ፍጥነትም አለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት በዚያ ርቀት ውስጥ ያለ ብስክሌተኛ ከዚያ ቀድሞ ተመትቷል። ፍጥነቱ ወደ 30 ቢወርድ የግጭቱ ኃይል ከአርባ በመቶ በታች ይሆናል። ስለዚህ የፍጥነት ገደብ፣ መንገድና መኪና አብረው ይስተካከሉ። ጀርመን በ2020 እ.ኤ.አ. ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ መኪና ከተማ ውስጥ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ብስክሌተኛ ወይም እግረኛ በሚጠበቅበት ቦታ፣ በእርምጃ ፍጥነት እንዲታጠፍ ደንግጋለች። ይህ ሳንቲም አይጠይቅም። የትራፊክ ደንባችን ውስጥ እንዲገባ እንፈልጋለን።

ሹፌሮችን በሚመለከት አንድ ነገር እናስረግጥ። መሣሪያው የተገጠመው ሹፌሩን ለመክሰስ አይሁን። በየደቂቃው ያለ ምክንያት የሚጮኽ መጠቆሚያ የተሰጠው ሹፌር ሽቦውን ይቆርጠዋል፤ ልክም ነው። ስለዚህ ደረጃው የሐሰት ጩኸት ወሰን ይኑረው። ካሜራው አቧራና ጭቃ ሲለብስ ለሹፌሩ ይንገረው። ባለ ንብረቱ ያጠፋው እንደሆነ ተጠያቂው ባለ ንብረቱ ይሁን። መኪናውን ራሱ ያልመረጠ፣ በኪሎ ሜትር የሚከፈለው ሰው የባለ ሀብቱን ቁጠባ በእስር አይክፈል። ሹፌር ማሠልጠኛዎችም እነዚህን መሣሪያዎች ያስተምሩ።

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ወደ አገር የሚገባና እዚህ የሚገጣጠም አዲስ ጭነት መኪናና አውቶቡስ ሁሉ የደንብ 151ንና የ159ን ደረጃ የሚያሟላ ይሁን፤ የቤት መኪናዎች ደግሞ እግረኛንና ብስክሌተኛን አይቶ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ይኑራቸው። የማስገቢያ ጊዜው ቀኑ ተቆርጦ አስቀድሞ ይታወጅ፤ አስመጪው ኪሳራ እንዳይደርስበት፣ አምራቹም የማያሟላውን ለእኛ መላክ እንዲያቆም። መሣሪያው ዋጋ ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን በቀረጥ ቅናሽ ሊካካስ ይችላል፤ መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ያደረገው ይህንኑ ነው። ጎረቤቶቻችንም በአፍሪካ ኅብረት በኩል አንድ ዓይነት ደረጃ ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ የኅብረቱ መቀመጫ ናትና ከቤታችን እንጀምር።

አዋጅ እስኪወጣ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። የከተማ አስተዳደር አውቶቡስ፣ የደረቅ ቆሻሻ መኪና፣ ገልባጭና የውኃ ቦቴ ሲገዛ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ የጨረታ ሰነዱን የሚጽፈው ራሱ ነው። በከተማው ገንዘብ የተገዛ መኪና የከተማውን ልጅ ማየት አለበት። ለኮሪደርና ለኮንዶሚኒየም ግንባታ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልስ ተቋራጭም ውሉን የሚፈርመው ከከተማው ጋር ነው፤ የጎን መከላከያ የሌለው ገልባጭ ሥራው ላይ እንዳይሰማራ በውሉ ይጻፍ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ባለው አዲስ የበጀት ዓመት አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ የሚያወጡትን እያንዳንዱን የተሽከርካሪ ጨረታ እናነባለን። ቁጥር 151 እና 159 የተጻፈበትን ሰነድ በይፋ እናመሰግናለን። ያልተጻፈበትን ይዘን፣ ገጹን አስምረን፣ ብስክሌታችንን እየገፋን የከተማው ምክር ቤት ደጃፍ እንሄዳለን፤ ሰነዱም ተስተካክሎ እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ እንመለሳለን።